እንደራሴ

አንገቴ ላይ ያንጠለጠልሁት ካርድ ፎቶዬን ይዟል፤
ግራ ዓይኔ ተከድኗል፣ ቀኙ ግን ፈጧል።
«ብሪዮኒ ፑዲስተር፣ የበጋ ተለማማጅ»፤
ፈታሹ ሁለቴ አየኝ፣ አንዴ በዓይን፣ አንዴ በእጅ።

ኦታዋ ኮረብታው ላይ፣ ከሰዓቱ ማማ ሥር፣
ጎብኚዎች ተጋድመዋል በታጨደው ሣር።
የኛ ቢሮ ምድር ቤት ነው፤ መስኮቱ የሚያሳይ
የአላፊ አግዳሚ ጫማ፣ መዳፍ የምታህል ሰማይ።
እናቴ የገዛችልኝ ጥቁር ቆዳ ጫማ
ተረከዜን ልጦ ልጦ በመጀመሪያው ጠዋት ደማ።

«ዋና ከተማ» ሲባል ያሰብሁት ሌላ ነበር፤
ሕግ ሲወለድ ማየት፣ ጆሮ ጥሎ መስማት ከበር።
ዤኔቪየቭ፣ የቢሮው አለቃ፣ ኬቤክ ተወልዳ ያደገች፣
ኩባያዋን ሳታስቀምጥ ሥራዬን አሳየች፤
ሦስት ካርቶን ደብዳቤ፣ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ማሽን፣
በሰማያዊ ቀለም የሚፈርም የእንደራሴውን።
«አንብቢ፣ ለይ፣ ቁጥር ስጪ» አለች፤ «መልሱ ተዘጋጅቷል፤
ከስድስቱ አንዱን ምረጪ፣ እሱ ይፈርመዋል።»
«እሱ» ያለችው ማሽኑን ነው።

እንደራሴውን ያየሁት አንዴ፣ ከአሳንሰሩ በር፤
«እንኳን ደህና መጣሽ ብሪትኒ» አሉ፣ ስልካቸው ጆሯቸው ሥር።
አላረምኋቸው፤
ስንቱ ስም አለባቸው።

የመጀመሪያው ሳምንት እንዲህ አለፈ፦
የመናፈሻ ዝይ የከሰሰ፣ ስድብ ብቻ የጻፈ፤
አንዱ በየሰኞው የተነቀለውን ሐዲድ ካርታ ይስላል፤
«ዓሣ ነባሪስ» ትላለች አንዲት ልጅ፣ «መምረጥ ይችላል?»
ከስድስቱ መልስ አንድም አልገጠማት፤
የግብርናውን ላክሁላት።

ሐሙስ፣ ከምሳ በፊት፣ አንድ ፖስታ አነሣሁ፤
ነፋስ እንደገፋው አጥር ያዘመመውን ጽሕፈት ዐወቅሁ።
ሎይድ ሆሌት ነው፤ የትምህርት ቤታችን አውቶቡስ ሾፌር፣
በረዶ መንገድ ሲዘጋ እንቆቅልሽ ይጠይቀን የነበር።
ከአንድ ደሴት ነን፤ ሦስት መቶ ሰው፣ አንድ ሱቅ፣ አንድ ጀልባ፤
በዚያው ጀልባ ነው የወጣሁት፣ ሻንጣዬን ታቅፌ ሳነባ።

«ክቡር ሆይ» ይላል፤ «ጀልባው ረቡዕና እሑድ ቀረ፤ በጀት ነው አሉን፤
የሚስቴ ኩላሊት ግን በጀት አያውቅ፣ አይለይ ቀኑን።
ደሟ በሳምንት ሦስቴ ይታጠብ ነው የሐኪሙ ቃል፤
ማዶ ያለው ሆስፒታል መብራቱ ከቤታችን ይታያል።
ይህ አራተኛ ደብዳቤዬ ነው፤ ለመልሳችሁ አመሰግናለሁ።»

አመሰግናለሁ! መዝገቡን ከፍቼ አየሁ፤
ሦስቱም ላይ ቁጥር ሁለት፦ «ስለ ጻፉልን እናመሰግናለን፤
አስተያየትዎ ትልቅ ዋጋ አለው፤ እንመለከታለን።»
ሰማያዊ ፊርማ፣ አንድ ዓይነት፣ አንድ ልክ፣ አንድ ማጠፊያ፤
እጅ ቢሆን አንዱ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ለመለያ።

በምሳ ሰዓት ወጥቼ ከቦዩ ዳር ደወልሁለት።
(የሽርሽር ጀልባዎች ያልፋሉ፣ እሑድ ረቡዕ የሌለበት።)
«አንቺ ነሽ? ትበያለሽ? ከተማው ይሞቃል?» ሲል ጠየቀ፤
ስለ ጉዳዩ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ቆየና፣ ሳቀ፦
«ደብዳቤዬ አንቺ እጅ ገባ? ይደርሳል በይኛ!
ዶርካስን አበሥራታለሁ፤ ዛሬ እንኳ ደህና ትተኛ።»

«ይደርሳል» አልሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላወራሁም፤
ቁጥር ሁለት ምን እንደሆነ፣ ማን እንደሚፈርም አልነገርሁም።

አራቱን ደብዳቤ በአንድ አግራፍ፣ ሦስቱን መልስ ከላይ፣
ዤኔቪየቭ ጠረጴዛ ላይ አኖርሁ፣ እንድታይ።
ቀና ብላ አየችኝ፤ «ይሄ ቁጥር ሁለት አይደለም ወይ?»

ለእንደራሴው ነው የጻፈ፣ ያነበብሁት ግን እንደ ራሴ፤
ልላት ነበር፤ ተናነቀኝና ቀረ ከምላሴ።
«አይደለም» ብቻ አልሁ።
በመስኮቱ አንድ ጫማ አለፈ፣ ከኋላው ሌላ ጫማ።
ኩባያዋን አስቀመጠች፤
የመጀመሪያውን ገጽ ስትገልጥ ሰማሁ።